የክትትል ጉድጓድ አጥቦ ለልኬት ማብቃት፦ በመሐል አዲስ አበባ ላሉ የኢንዱስትሪ ግቢዎች

በመሐል አዲስ አበባ ከለገሃር እስከ ልደታ፣ ከሶማሌ ተራ እስከ ጎተራ ባሉ አሮጌ ግቢዎች ጋራዥ፣ የነዳጅ ማከማቻ፣ ማተሚያ ቤት ወይም የብረታ ብረት ሥራ ለዓመታት ሲሠራ ቆይቶ ከሥር ያለው ውሃ መመርመር ሲኖርበት 50 ሚሊ ሜትር የፒቪሲ ቧንቧ የሚገባባቸው ጠባብ የክትትል ጉድጓዶች ይቆፈራሉ። ቁፋሮውን የሚሠሩት አብዛኛውን ጊዜ የመጠጥ ውሃ ጉድጓድ የለመዱ ባለሙያዎች ስለሆኑ ውሃው ጠራ ሲል ሥራው ያለቀ ይመስላቸዋል። የክትትል ጉድጓድ ግን የመለኪያ መሣሪያ ነው። በደንብ ካልታጠበ ላቦራቶሪ የሚሄደው ናሙና የቁፋሮውን ጭቃ ይዞ ይሄዳል። የውሃው ከፍታ ልኬት በሚሊ ሜትር ካልተያዘ ደግሞ ብክለቱ ወደ የትኛው ጎረቤት እየሄደ እንደሆነ ማወቅ አይቻልም።

ከዚህ በታች ያለው ሥራ የሚጀምረው ቁፋሮው አልቆ፣ ስክሪኑ (ውሃ የሚገባበት ባለ ስንጥቅ የቧንቧ ክፍል) እና ማጣሪያ ጠጠሩ ገብቶ፣ ቤንቶናይቱ (ሲረጥብ የሚያብጥ ማሸጊያ ሸክላ) እና ሲሚንቶው ከታሸገ በኋላ ነው።

ከመጀመርዎ በፊት

ሲሚንቶው ይጠንክር። በብዙ መመሪያዎች ላይ ትንሹ የጥበቃ ጊዜ 24 ሰዓት ነው፤ በአዲስ አበባ የሌሊት ብርድ ግን ሲሚንቶ ቀስ ብሎ ስለሚይዝ ከ48 እስከ 72 ሰዓት መጠበቅ ይሻላል። ቸኩለው ማጠብ ከጀመሩ ያልጠነከረው ሲሚንቶ ወደ ስክሪኑ ይሳባል፤ አንዴ ከገባ ደግሞ የሚወጣበት መንገድ የለም።

ከቆፋሪው እጅ የሚከተሉትን በጽሑፍ ይቀበሉ፦ የጉድጓዱ ጠቅላላ ጥልቀት፣ ስክሪኑ የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ጥልቀት፣ የቁፋሮው ስፋት፣ የስክሪኑ ስንጥቅ ስፋት፣ ጠጠሩ እስከ የት እንደተሞላ፣ በቁፋሮ ጊዜ ወደ አለቱ ስንጥቅ ገብቶ የጠፋው ውሃ ስንት ሊትር እንደሆነ፣ ፎም (የቁፋሮ አረፋ) ተጨምሮ ከሆነም ምን ያህል። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በብዛት ይረሳሉ። በአዲስ አበባ ባዛልት ውስጥ በአየር መዶሻ ሲቆፈር ውሃና ፎም መጨመር የተለመደ ነው፤ የጠፋው ውሃ ተመልሶ ካልወጣ ናሙናው ከከርሰ ምድር ውሃ ይልቅ የቦቴውን ውሃ ይመስላል።

ፓምፕ ሲመርጡ የከተማዋን ከፍታ አይርሱ። ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆንን የአየሩ ግፊት 770 ሄክቶፓስካል አካባቢ ነው። ከላይ ሆኖ የሚስብ ፓምፕ ውሃውን የሚያወጣው በዚህ ግፊት እየተገፋ ነው። ጅቡቲ ወደብ ላይ በስሌት 10.3 ሜትር መሳብ የሚችል ፓምፕ እዚህ የስሌት ጣሪያው 7.8 ሜትር ብቻ ነው፤ በቧንቧው ሰበቃና በመጋጠሚያ በሚገባ አየር ምክንያት በተግባር ከ5 ሜትር ብዙም አያልፍም። የውሃው ልክ 7 ሜትር ላይ ሆኖ እንደ ፔሪስታልቲክ ያለ ከላይ የሚስብ ፓምፕ ይዞ መምጣት የአንድ ቀን ሥራ ማቃጠል ነው። ለ50 ሚሊ ሜትር ጉድጓድ የተሠራ፣ ወደ ውሃው የሚሰጥም ቀጭን ፓምፕ ይያዙ።

ከዚህ ሌላ ቤይለር (በገመድ የሚወርድ ጠባብ መቅጃ)፣ ሰርጅ ብሎክ (በቧንቧው ውስጥ ውሃውን ወደ ላይና ወደ ታች የሚንጥ መግፊያ) ከነዘንጉ፣ ዲፕ ሜትር (ውሃ ሲነካ የሚጮህ የጥልቀት መለኪያ)፣ ከጫፉ ክብደት ያለው ሜትር፣ የፒኤች፣ የኢሲ (የውሃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅም)፣ የሙቀትና የድፍርስነት መለኪያዎች፣ ባለ 200 ሊትር በርሜሎች፣ ፎስፌት የሌለው ሳሙና፣ ዲስቲልድ ውሃ፣ ጓንት እና አዲስ ናይለን ገመድ ያስፈልጋሉ። የወጣውን ውሃ በ20 ሊትር ጀሪካን መቁጠር ይቻላል፤ ጀሪካኑ ግን ዘይት ወይም ነዳጅ ያልነካው ይሁን፣ 20 ሊትር የሚሞላበት መስመርም አስቀድሞ በሚዛን ይረጋገጥ። ጄኔሬተሩ ከጉድጓዱ ራቅ ብሎ ነፋስ በሚሄድበት በኩል ይቁም። የዛገ ጓጉንቸር ቢያስቸግርዎ ዘይት አይርጩበት፤ አንድ ጠብታ ወደ ቧንቧው ከገባች ለወራት የነዳጅ ብክለት ያለ ታስመስላለች።

ምን ያህል ውሃ ይወጣል?

የ50 ሚሊ ሜትር ቧንቧ አንድ ሜትር ርዝመት 1.96 ሊትር ይይዛል። በዙሪያው ያለው ጠጠርም ውሃ ስለሚይዝ አብሮ ይቆጠራል። የቁፋሮው ስፋት 150 ሚሊ ሜትር፣ የቧንቧው የውጭ ስፋት 60 ሚሊ ሜትር፣ በጠጠሩ መካከል ያለው ክፍተት 30 በመቶ ከሆነ በአንድ ሜትር 4.45 ሊትር ይሆናል።

ለምሳሌ ጉድጓዱ 18 ሜትር ጥልቀት ያለው፣ ውሃው 7.42 ሜትር ላይ ያረፈ፣ ጠጠሩ ከ10.5 እስከ 18 ሜትር የተሞላ ነው እንበል። በቧንቧው ውስጥ ያለው ውሃ 10.58 ሜትር ከፍታ አለው፤ በ1.96 ሲባዛ 20.7 ሊትር ነው። 7.5 ሜትሩ ጠጠር በ4.45 ሲባዛ 33.4 ሊትር ይሆናል። ድምሩ 54 ሊትር ገደማ ሲሆን ይህ አንድ ሙሌት ይባላል። ቢያንስ አምስት ሙሌት፣ ማለትም 270 ሊትር ይወጣል፤ በቁፋሮ ጊዜ የጠፋው ውሃ ደግሞ ከዚህ በላይ ተጨማሪ ነው። 800 ሊትር ጠፍቶ ከሆነ 1,070 ሊትር ማውጣት አለብዎት ማለት ነው፤ ስድስት በርሜል ባዶ ሆኖ ይጠብቅ።

ማጠቡ

1. የውሃውን ልክና የጉድጓዱን ወለል ይለኩ። ወለሉ በቆፋሪው ወረቀት ላይ 18.00 ሆኖ እርስዎ 17.55 ካገኙ ከታች 45 ሴንቲ ሜትር ደለል ተኝቷል።

2. በቤይለር ያንን ደለል ያውጡ። ይህን ሳያደርጉ ሰርጅ ብሎክ የሚያስገቡ ሰዎች ዕቃው ደለል ውስጥ ተነክሮ ይቀርባቸዋል። ቤይለሩ ሲወጣና ሲገባ ውሃው ተመልሶ ይሞላ እንደሆነም በዚሁ ይታወቃል። ሳይሞላ ከቀረ ስክሪኑ ተደፍኗል፤ በተደፈነ ስክሪን ላይ በኃይል መሳብ ፒቪሲውን ወደ ውስጥ ሊያጨማድደው ይችላል።

3. ሰርጅ ብሎኩ ከቧንቧው ውስጣዊ ስፋት ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር የሚያንስ ይሁን። ከስክሪኑ ላይኛ ጫፍ በላይ፣ ውሃ ውስጥ ይጀምሩ። ከ60 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይና ወደ ታች፣ መጀመሪያ በዝግታ፣ ከዚያ ጠንከር እያደረጉ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይናጡት። ወደ ታች ሲገፋ ውሃው በስክሪኑ በኩል ይወጣል፤ ወደ ላይ ሲሳብ ደግሞ ድቃቂውን ይዞ ይመለሳል። ሥራውን የሚሠራው ይህ የሁለት አቅጣጫ እንቅስቃሴ ነው። ፓምፕ ብቻውን ውሃን በአንድ አቅጣጫ ስለሚስብ ድቃቂዎቹ በጠጠሩ መካከል ተቆላልፈው ድልድይ ይሠራሉ፤ ውሃው ጠርቶ ይወጣል፣ በቀጣዩ ናሙና ቀን ግን ይደፈርሳል። ውሃው ጠራ ብሎ ማቆም የሚያሳስተው ለዚህ ነው።

4. ብሎኩን አውጥተው ደለሉን በፓምፕ ወይም በቤይለር ያስወግዱ። ከዚያ አንድ ሜትር ወደ ታች ወርደው ይድገሙ፤ እንዲህ እያሉ እስከ ስክሪኑ ግርጌ ይድረሱ። ከታች ወደ ላይ አይሥሩ፤ ከላይ የሚወርደው አሸዋ ብሎኩን ይቆልፈዋል።

5. ከግርጌ ሲደርሱ እንደገና ከላይ ይጀምሩ። በየዙሩ የወጣውን ሊትር፣ ድፍርስነቱንና የወለሉን ጥልቀት ይጻፉ። ሦስተኛው ዙር ላይ የሚወጣው ደለል ካልቀነሰ ቆም ብለው ምክንያቱን ይፈልጉ።

6. በመጨረሻ ያለማቋረጥ ይቅዱ፤ ጉድጓዱ ግን እስከ ስክሪኑ እንዳይደርቅ ፍጥነቱን ያስተካክሉ። በየ5 ደቂቃው ይለኩ። በሦስት ተከታታይ ንባቦች ፒኤች ከ0.1፣ ኢሲ ከ3 በመቶ በላይ ካልተለዋወጠ፣ ድፍርስነቱም ከ10 ኤንቲዩ (የድፍርስነት መለኪያ አሃድ) በታች ከሆነ፣ የሊትሩ መጠንም ከሞላ ጉድጓዱ ታጥቧል። አንዱ ተሟልቶ ሌላው ካልተሟላ ሥራው ይቀጥላል።

በኮምፕረሰር አየር ማጠብ ፈጣን ስለሆነ ቆፋሪዎች ይወዱታል። በክትትል ጉድጓድ ላይ ግን አንመክረውም። ኮምፕረሰሩ የዘይት ጤዛ ይነፋል፤ አየሩ ውሃው ውስጥ የሟሟውን ብረት ያዝገዋል፤ እንደ ቤንዚን ያሉ የሚተኑ ነገሮችንም አብሮ ያባርራቸዋል። የምንፈልገውን ነገር ራሳችን አስወጥተን ውሃው ንጹሕ ነው ብለን እንደመጻፍ ነው።

ውሃው አልጠራ ሲል

በመሐል ከተማ ብዙ ቦታ ላይኛው ንብርብር መረሬ ነው፤ ከሥሩ የበሰበሰ ባዛልት ወይም ቱፍ (ከእሳተ ገሞራ አመድ የተሠራ አለት)፣ ከዚያ የተሰነጣጠቀ አለት ይመጣል። ስክሪኑ በመረሬው ወይም ሸክላ በሆነው የበሰበሰ አለት ላይ ከተቀመጠ ውሃው የሚመጣው በጣም በዝግታ ነው። እንዲህ ያለውን ጉድጓድ እስኪደርቅ ቀድተው እንዲሞላ ይተዉት፤ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይድገሙ። በኃይል መናጥ እዚህ ይጎዳል፤ ሸክላውን ወደ ጠጠሩ ይስበዋል። የንጹሕ ውሃ ቦቴ አምጥቶ መሙላትም አይገባም። በእንዲህ ዓይነት አፈር 10 ኤንቲዩ ላይደረስ ይችላል፤ ንባቡ 50 አካባቢ ላይ ረግቶ ከቆመና ሌሎቹ ከተስተካከሉ በምክንያቱ ጽፎ መቀበል ተገቢ ነው።

ፒኤች ከ10 በላይ ከሆነ ሲሚንቶ ስክሪኑ ዘንድ ደርሷል። ብዙ ሙሌት አውጥተው ካልወረደ ጉድጓዱን መተካት ነው፤ የብረቶች ውጤት በሙሉ ይዛባልና። አሸዋ ያለማቋረጥ ከወጣ የስክሪኑ ስንጥቅ ለጠጠሩ ሰፊ ነው፣ ወይም ቧንቧው መጋጠሚያው ላይ ተሰብሯል። ከዝናብ በኋላ ብቻ ከደፈረሰ ደግሞ ችግሩ ከላይ ነው፤ መረሬው በበጋ ሲሰነጠቅ ከኮንክሪቱ ጠርዝ ሥር መንገድ ይከፈትና የግቢው ጎርፍ በቧንቧው ዙሪያ ይወርዳል።

ከፍልውሃ አካባቢ ብዙ የማይርቅ ግቢ ላይ የምትሠሩ ልብ በሉ። እዚያ ከስንጥቅ የሚወጣው ፍል ውሃ ሶዲየምና ባይካርቦኔት የበዛበት ነው። ውሃው ሞቅ ብሎ ኢሲው ከፍ ቢል ከፋብሪካው መጣ ብላችሁ አትቸኩሉ። ከግቢው በላይ በኩል፣ ውሃው ከሚመጣበት አቅጣጫ አንድ የማነጻጸሪያ ጉድጓድ መኖር ያለበት ለዚህ ነው።

ሟሟ ኦክስጅን የሚለካ ካለ መለኪያው በእውነተኛው የአየር ግፊት ይስተካከል። በ20 ዲግሪ ባሕር ዳርቻ ላይ የሚሞላው 9.1 ሚሊ ግራም በሊትር ሲሆን አዲስ አበባ ላይ 6.9 አካባቢ ነው። የስልክ አየር ጠባይ መተግበሪያ የሚያሳየው ግፊት ወደ ባሕር ወለል የተቀየረ ስለሆነ ያንን 1,020 ገደማ ቁጥር መለኪያው ላይ ማስገባት ንባቡን በሲሶ ያህል ያሳስተዋል።

ከታጠበ በኋላ ለናሙና ሁለት ሳምንት ገደማ ይረፍ። ለውሃ ልክ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይበቃል፤ በሸክላ ውስጥ ያለው ግን እስኪረጋ ድረስ በየቀኑ እየታየ ነው።

ልኬቱ

በእያንዳንዱ ቧንቧ አፍ ላይ፣ በሰሜን በኩል በመጋዝ ትንሽ ጭረት ይደረግ። ሁሉም ሰው ሁልጊዜ ከዚያች ጭረት ይለካል። ቧንቧው ተንጋድዶ ከተቆረጠ በአንዱ ጎንና በሌላው ጎን መካከል የ1 ሴንቲ ሜትር ልዩነት በቀላሉ ይመጣል።

የጭረቱ ከፍታ በሌቭል ወይም በቶታል ስቴሽን (የቅየሳ መሣሪያዎች) እስከ ሚሊ ሜትር ይነበብ፤ መነሻው ከመረሬው ጋር የማይንቀሳቀስ፣ በአለት ወይም በጠንካራ መሠረት ላይ ያለ ምልክት ይሁን። የእጅ ጂፒኤስ ለከፍታ አይሆንም፤ በሜትሮች ይስታል። ለቦታም ሲጠቀሙበት የካርታው መነሻ (ዳተም) አዲንዳን ይሁን ደብሊውጂኤስ 84 ይጻፉ፤ ሁለቱ ሲደበላለቁ ጉድጓዱ በካርታው ላይ 200 ሜትር ገደማ ተንሸራቶ መንገድ ማዶ ያለ ሰው ግቢ ውስጥ ይገኛል። መረሬ በክረምት ስለሚያብጥና በበጋ ስለሚሰበሰብ ከፍታው በየዓመቱ እንደገና ይነበብ።

በልኬት ቀን የሁሉንም ጉድጓዶች ክዳን አስቀድመው ይክፈቱና ቢያንስ 15 ደቂቃ ይጠብቁ፤ የታፈነው አየር ውሃውን ተጭኖት ወይም ስቦት ሊሆን ይችላል። ከንጹሑ ጀምረው ወደ ተበከለው ይሂዱ፤ በየመካከሉ ዲፕ ሜትሩን በሳሙና፣ በቧንቧ ውሃ፣ በመጨረሻም በዲስቲልድ ውሃ ይጠቡ። ሁሉንም በአንድ ዲፕ ሜትር፣ በተቻለ መጠን በሁለት ሰዓት ውስጥ ይጨርሱ። ጫፉን ቀስ ብለው አውርደው ሲጮህ ትንሽ ከፍ፣ ዝቅ እያደረጉ የሚጮህበትን ነጥብ ይያዙ። ሁለት ንባቦች በ3 ሚሊ ሜትር ውስጥ እስኪስማሙ ይድገሙ። በቧንቧው ግድግዳ ላይ ያለ ጤዛም ያስጮኸዋል፤ ድምፁ ከተቆራረጠ የዲፕ ሜትሩን የስሜት መጠን (ሴንሲቲቪቲ) ይቀንሱ።

ነዳጅ ሊኖርበት በሚችል ግቢ ዘይትና ውሃን የሚለይ ፕሮብ ያስፈልጋል። ላይ የተንሳፈፈው ናፍጣ 24 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ካለውና እፍጋቱ 0.84 ከሆነ ውሃውን 20 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ተጭኖታል፤ ስለዚህ ከተነበበው የውሃ ጥልቀት ላይ 0.20 ሜትር ይቀነሳል። በጉድጓዱ ውስጥ የታየው ውፍረት ግን በአፈሩ ውስጥ ካለው ጋር አንድ አይደለም።

ሰዓት ሲጽፉ ይጠንቀቁ። አውቶማቲክ የውሃ ልክ መዝጋቢው 10፡10 ሲል የእኛ ደብተር 4፡10 ይላል። በስድስት ሰዓት የተሳሳተ ንጽጽር ብዙ ግራፍ አበላሽቷል፤ ቀኑም በኢትዮጵያ ይሁን በአውሮፓ አቆጣጠር ከጎኑ ይጻፍ። የአየር ግፊት እዚህ በየቀኑ ጠዋት 4 ሰዓት አካባቢ ከፍ፣ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት አካባቢ ዝቅ ይላል፤ አንድ ሄክቶፓስካል ከ1 ሴንቲ ሜትር ውሃ ጋር እኩል ስለሆነ ግፊቱ ያልተቀነሰለት መዝጋቢ ውሃው ራሱ የተነቃነቀ ያስመስላል።

ወዴት እየሄደ ነው?

በጥቅሉ የከርሰ ምድሩ ውሃ ከእንጦጦ ወደ አቃቂ፣ ወደ ደቡብ ይወርዳል። በአንድ ግቢ ውስጥ ግን በባንተይቀጡ ወይም በሌላ ወንዝ ምክንያት፣ ወይም ጎረቤት ለሚሠራ ሕንፃ ምድር ቤት ውሃ እየተቀዳ ስለሆነ ፈጽሞ ሌላ አቅጣጫ ሊይዝ ይችላል። ሰንጋ ተራና ሜክሲኮ አካባቢ ሲሠሩ በዙሪያው የሚቀዳ ቁፋሮ መኖሩን ሳይጠይቁ ልኬት አይጀምሩ።

ሦስት ጉድጓድ እንውሰድ። ከጭረቱ ከፍታ ላይ የውሃው ጥልቀት ሲቀነስ ሀ 2,333.796፣ ለ 2,333.572፣ ሐ 2,333.690 ሜትር ሆነ። ከሀ እስከ ለ 64 ሜትር ነው። ከሐ ጋር እኩል የሆነው ነጥብ በሀ እና በለ መካከል የት እንዳለ ለማግኘት 0.106ን ለ0.224 ማካፈልና በ64 ማባዛት ነው፤ ከሀ 30.3 ሜትር ላይ ይውላል። ከሐ ወደዚያ ነጥብ መስመር ይሰመር፤ ውሃው የሚሄደው መስመሩን ቀጥ ብሎ አቋርጦ ወደ ለ በኩል ነው። አሁን ሐ በ5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ተደርጎ ተሳስቶ ቢነበብ ነጥቡ ከሀ 16 ሜትር ላይ ይውላል፤ ሐ ከመስመሩ 40 ሜትር ርቆ ከሆነ የፍሰቱ አቅጣጫ 20 ዲግሪ ገደማ ይዞራል። በሚሊ ሜትር ለምን እንደምንጨነቅ የሚጠይቅ ሠራተኛ ካለ ይህን ስሌት በእጁ እንዲሠራው ያድርጉ።

ልኬቱ በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ ክረምቱ እንዳለቀ በመስከረም መጨረሻ እና በጋው ሊያልቅ ሲል በግንቦት ይደረግ። በክረምት በመረሬው ውስጥ ለጊዜው የሚንጠለጠል ውሃ ስላለ ጥልቀት የሌላቸውን ጉድጓዶች ከጥልቆቹ ጋር በአንድ ካርታ ላይ አያቀላቅሉ።

የወጣው ውሃ የላቦራቶሪ ውጤት እስኪመጣ በርሜል ውስጥ ታሽጎ፣ የጉድጓዱ ቁጥርና ቀኑ ተጽፎበት ይቆይ። ወደ ወንዝ ወይም ወደ ጎርፍ መውረጃ መድፋት በአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ያስጠይቃል፤ ከዚያም በላይ ያ ወንዝ ወርዶ ወርዶ አትክልት የሚጠጣው ውሃ ነው።

በየልኬቱ የጉድጓዱን ወለልም ይለኩ። ደለሉ ከስክሪኑ ርዝመት ከአሥር በመቶ በላይ ከሸፈነ ጉድጓዱ እንደገና ይታጠባል። ከላይ ባነሳነው ባለ 18 ሜትር ጉድጓድ ስክሪኑ ከ11.5 እስከ 17.5 ሜትር ቢሆን፣ የሜትሩ ክብደት 16.90 ላይ ሲያርፍ ሰርጅ ብሎኩ ተመልሶ ይመጣል።